የማናለብኝ ጥርስ

ማናለብኝ የወይዘሮ ወለተ ኪዳንን ጫማ የበላ ቀን ተሳቀ። የእሌኒን ነጠላ ከነጥለቱ የበላ ቀን ተለቀሰ። የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስን ማኅደር የበላ ዕለት ግን የሳቀም ያለቀሰም የለም፤ ቤቱ ጭጭ አለ።

ውሻ ነው እንግዲህ። ዳማ ነው፣ አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ የወደቀ፣ ስምንት ወር እንኳ ያልሞላው። ስሙን ያወጡለት የእሌኒ እናት፣ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ናቸው። በአገሩ ልማድ የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነውና፣ አጥራቸውን በየክረምቱ አንድ ክንድ እየገፋች ላስቸገረቻቸው ሴትዮ «ማናለብኝ! ኧረ ማናለብኝ!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማት ብለው ነበር። ሴትዮዋ ሰማች አልሰማች እግዜር ይወቀው። ውሻው ግን ሰማ፤ እንደ ስሙም ሆነ።

ማኅደሩን ያገኘችው እሌኒ ናት። ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማለዳ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል፣ ማንጎው ሥር ተጋድሞ አየችው። አባቷ ሁለት ዓመት ሙሉ በብራና ላይ ሲጽፉት ለኖሩት የጸሎት መጽሐፍ ያሰፉት የቆዳ ማኅደር ነበር። ማንገቻው ተበጥሷል፣ ክዳኑ ተበልቷል። ደግነቱ መጽሐፉ ገና ተጽፎ ስላላለቀ ውስጡ አልነበረም። ሲያልቅ ከጣና ደሴቶች በአንዷ ላይ ላለች ቤተ ክርስቲያን በታንኳ ሊሻገር ቀን የተቆረጠለት ነው።

መሪጌታ ማኅደሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው፤ የሚፈሩትም ለዚያ ነው።

«ይህን ውሻ ማን ነበር ያመጣው?» አሉ፣ እያወቁ።

እሌኒ አንገቷን ደፋች።

«ያ የፋብሪካው ልጅ አይደለም?»

«ነው፣ አባባ።»

«ሽማግሌ የላከው?»

«አዎ፣ እሱው ነው።»

«እንግዲያ ስሚኝ። ለሽማግሌዎቹ የቀጠርሁት ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ላለው ሁለተኛ እሑድ ነው። እስከዚያ ውሻውን ያስለመደ ሰው ውሻውን ያርም። ውሻ ማረም ያልቻለ ቤት አያስተዳድርም። ከዛሬ ወዲያ አንዲት ነገር በጥርሱ ከያዘ፣ ውሻውም ሽማግሌዎቹም በአንድ በር ይወጣሉ።»

ይህን ብለው ማኅደሩን መለሱላትና ወደ ጎጇቸው ገቡ። ግቢው ጥግ ላይ፣ የፍየል ቆዳ ወጥረው የሚፍቁባትና የሚጽፉባት አንዲት ጎጆ አለቻቸው። እሌኒ የተበላውን ማኅደር ታቅፋ ቆማ ቀረች። ያን ዕለት ልጆቹን ያስተማረቻቸው ምን እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቀውም።

*

ክንዱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ነው። አባቱ ጎጃሜ ወታደር ሆነው አሰላ የቀሩ ናቸው፤ እሱም እዚያው ተወልዶ አደገና ሥራ ፍለጋ የአባቱ አገር መጣ። እሌኒን ያወቃት በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው። እሷ ፊደል ስታስቆጥር የጣቢያው ፋኖስ ተበላሸ፤ እሱ ሊጠግን መጣ። ፋኖሱ በአንድ ቀን ተጠገነ፤ ጠጋኙ ግን ለአንድ ወር ያህል ‹እስቲ እንደገና ልየው› እያለ ይመላለስ ነበር።

መሪጌታ ክንዱን የማይወዱት በክፋት አይደለም። ዘመኑን ፈርተው ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ የውይይት ክበብ አለ፤ እዚያ እግዚአብሔር የለም ተብሎ ይሰበካል ሲባል ሰምተዋል። ክንዱ የኋላ ወንበር ላይ እያንቀላፋ እንደሚያሳልፈው ማን ይንገራቸው? በዚያ ላይ ከጥምቀት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ሊዛወር ነው፤ እዚያ አዲስ ፋብሪካ እየተተከለ ስለሆነ መካኒክ ይፈለጋል። መሪጌታ እሑድ እሺ ካሉ ሠርጉ በጥር ይሆንና አብረው ይሄዳሉ። እምቢ ካሉ እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በአንድ ቡችላ ጥርስ ላይ ተንጠለጠለ።

ውሻውም የመጣው በደግ ነበር። የተወጠረውን ቆዳ ጅብ እየጎተተ ቢያስቸግር፣ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን «ውሻ ቢኖረን» አሉ። ክንዱ ሰማና አርባ ቀን የሆነውን ቡችላ በሸሚዙ ውስጥ ይዞ መጣ።

አሁን ግን ችግር አለ። ሽማግሌ ልኮ መልስ ያላገኘ ሰው በልጅቱ ደጅ ዝር ማለት ነውር ነው። መላውን ያገኙት እናትየዋ ናቸው።

«እሱ የሚመጣው ለውሻው እንጂ ለእሌኒ አይደለም» አሉ። «በዋናው በር አይገባም። በጓሮ ይግባ፣ በጓሮ ይውጣ። እኔም ጥጤን ይዤ ከመካከል እቀመጣለሁ።»

ክንዱ ከመምጣቱ በፊት ግን በራሳቸው መድኃኒት አንድ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። መጀመሪያ የቀረችውን አንድ እግር ጫማ በርበሬ ቀቧት። ማናለብኝ በርበሬውን ላሰ፣ አስነጠሰ፣ አንድ ባልዲ ውኃ ጠጣና ጫማዋን በላ። ቀጥሎ «ሕፃን ጡት የሚጥለው በምን ሆነና?» ብለው እሬት ቀቡ። ውሻው እውነትም የተቀባውን ሁሉ ተወ። ዳሩ እሬቱ ከእጃቸው ወደ ወጡ ተሻግሮ ቤተሰቡ ሁለት ቀን መራራ በላ። ብራና ደግሞ እሬት አይቀባም።

ክንዱ ሲመጣ የማሽን ዘይት ያልለቀቀው እጁ ላይ ወፍራም ገመድ ይዞ ነበር። ሽመናው ክፍል ወለል ላይ ከሚጠረገው የክር ቁርጥራጭ ራሱ የጎነጎነው ነው።

«እማማ፣ ውሻ ጥርሱ ሲበላው ያኝካል፣ ሲሰለቸውም ያኝካል» አለ። «ከናካቴው አታኝክ ቢሉት አይሆንም። ያንን ተው፣ ይህን ያዝ ነው የሚባለው። አጥንት እንዳንሰጠው ጾም ሊገባ ነው፤ ከሰፈሩ አጥንት ይጠፋል። ገመድ ግን አይጾምም።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ሳቁ። እሌኒ አልሳቀችም፤ የገመዱን ጉንጉን እያየች፣ ስንት ማታ ፈጀበት ይሆን እያለች ነበር።

«አንድ ነገር አፉ ውስጥ ካያችሁ እንዳትሮጡበት። ሲሮጡበት ጨዋታ ይመስለዋል። ተንበርከኩ፣ ገመዱን አሳዩት፣ ስጠኝ በሉት። ሲሰጣችሁ ገመዱን ስጡት፣ አሞግሱት።»

እንዲህ ሆኖ ከሥራ መልስ መመላለስ ጀመረ። ውሻውን እስከ ሐይቁ ዳር ወስዶ፣ ደንገሉ መካከል አሯሩጦ፣ ምላሱን አስጎልጉሎ ይመልሰዋል። ከዚያ ጓሮው ውስጥ ትምህርት ይጀመራል፤ በአንድ ወገን ክንዱ፣ በሌላው እሌኒ፣ ከመካከል እናትየዋ ከነእንዝርታቸው። ሁለቱ እርስ በርስ መነጋገር አይገባቸውም። ውሻውን ማነጋገር ግን ማን ይከለክላል?

«ማናለብኝ» አለ ክንዱ አንድ ቀን፣ የወደቀውን ጆሮ እያሻሸ፣ «ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሐይቁ በኩል አልመጣህም። ሰው ይጠብቅህ ነበር እኮ።»

«ማናለብኝ» አለች እሌኒ፣ ፊቷ እየቀላ፣ «ስብሰባ ነበረብኝ፤ ስጨርስ በገበያ በኩል ሄድሁ በለው።»

«ማናለብኝ፣ ያ ሰው ታንኳዎቹ ሁሉ እስኪገቡ ቆሞ ነበር።»

«ማናለብኝ፣ ነገ እንዳይቆም። ነገ በጊዜ እመጣለሁ።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን እንዝርታቸውን አሾሩ። «ይህ ውሻ ይህን ሁሉ ስብሰባ ከተሰበሰበ፣ ጫማዬን የሚበላው በምን ጊዜው ነው?» አሉ፣ ዐይናቸውን ከጥጡ ሳያነሡ።

ገመዱን ሲቀባበሉ የእሌኒ ጣት የክንዱን ጣት ነካው። ሁለቱም ውሻውን አዩ። ውሻው እናትየዋን አየ። እሌኒ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው፤ ሲመሽም የዘይት ሽታ አልለቀቀውም፤ ልታጥበውም አልፈለገችም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ማናለብኝ ጫማ ተወ፣ ነጠላ ተወ፣ የወንበር እግር ተወ። ያልለቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆዳ። ስጠኝ ሲሉት ይሰጣል፤ ግን ቀበቶም ሆነ ቁርበት ካየ እንደገና ያነሣል። የዕድሜ ልክ መብቱ ይመስለዋል።

«ለመሆኑ ይህን ውሻ ቆዳ የሚያበላው ማን ነው?» አለ ክንዱ አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ።

«ማንም የለም» አለች እሌኒ፣ ውሻውን ማነጋገሩን ረስታ።

ከጎጆዋ ይሰማ የነበረው የመፋቂያ ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። ያኔ ልብ ያለው ሰው የለም።

*

ጾሙ ገባ። እሑድ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ማለዳ፣ እሌኒ ፀጉሯን ስታበጥር በመስኮቱ ክንዱን አየችው። ከሌሊት ፈረቃ መውጣቱ ነበር። ከጓሮው አጥር ውጭ ቆሞ ወደ አባቷ ጎጆ ይመለከታል። ፈገግ ብላ ልትወጣ ስትል ፊቱ ሲለዋወጥ አየች። አንድ ከባድ ነገር የተነገረው ሰው ይመስል ነበር። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። እሱ ዐይኑን ሰበረ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት ሄደ። በማግስቱም አልመጣም።

ረቡዕ ለመሪጌታ ደብዳቤ መጣ። አንብበው መልሰው አጣጠፉት። ከዚያ ለእሌኒ ዘረጉላት፤ «አንብቢው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

«ለተከበሩ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ። ጤናዎን ከልብ እመኛለሁ። ስለ ውሻው ጉዳይ እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው። ቆዳ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ቡችላ ሳለ የማሽን ቀበቶ ቁራጭ እየሰጠሁ አጫውተው ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለም። ካስቸገረዎት መጥቼ እወስደዋለሁ። ስለ እኔም የፈቀዱትን ቢወስኑ ቅር አልሰኝም። ክንዱ።»

እሌኒ ሁለቴ አነበበችው። ውሸት ነው። ቡችላው ሲመጣ አርባ ቀኑ ነበር፤ ወተት በጣታቸው እያስላሱ ነው ያሳደጉት። የማሽን ቀበቶ በየትኛው ጥርሱ ያኝካል? ሰው ያላጠፋውን አጠፋሁ የሚለው ለምንድን ነው? መሸሽ ሲፈልግ ነው። ኮምቦልቻ ብቻውን መሄድ አምሮት፣ ‹ተውኩሽ› ማለት ከብዶት፣ በአባቷ እጅ ሊባረር ፈለገ። ‹ቅር አልሰኝም› ይላል! ከደብዳቤው ሁሉ ያቃጠላት ይህ ቃል ነው።

ሐሙስ መልስ ጻፈች። «ቅር ካልተሰኘህ እኔም ቅር አልተሰኘሁም። የኮምቦልቻን መንገድ ጨርቅ ያድርግልህ» የሚል ብቻ ነው። ያን የክር ገመድ ከማናለብኝ አፍ ወስዳ በደብዳቤው ላይ ጠመጠመችና፣ ባሏ ፋብሪካ ለሚሠራው ለሥራ ባልደረባዋ ለፀሐይወርቅ ሰጠቻት። ፀሐይወርቅ ርቃ ስትሄድ ልትጠራት አፏን ከፈተች። አልጠራቻትም።

ዓርብ ጠዋት የተማሪዎቹን ደብተር ረስታ ከመንገድ ተመለሰች። እናቷ ገበያ ወጥተዋል። በጓሮው በኩል ስታልፍ የአባቷን ድምፅ ሰማች፤ ያን በሰው ፊት የማያወጡትን የልስላሴ ድምፅ።

«ተቀመጥ። እንዲያ ነው። ትናንት የሰጠሁህን ጨረስኸው? ሆዳም! እንካ።»

እሌኒ በጎጆዋ በር አጮለቀች። መሪጌታ የተወጠረውን የፍየል ቆዳ ይፍቃሉ። ዳር ዳሩን በቢላ እየቀደዱ፣ ቁራጩን ከእግራቸው ሥር ለተቀመጠው ማናለብኝ ይወረውሩለታል። ውሻውም መወርወሩን ያውቃል፤ ዐይኑን ከእጃቸው አይነቅልም። ይህ የዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ያስታውቃል። የየማለዳው ወግ ነው፤ ሰው ሳይነሣ፣ ወይም ሰው ሲወጣ፣ የሁለቱ ብቻ የሆነ።

ውሻው ምን ያድርግ? መሪጌታ በገዛ እጃቸው የሚያጎርሱት ቁራጭም ቆዳ ነው፣ ማኅደሩም ቆዳ ነው። ማን ይለይለት?

ክንዱ ሰኞ ማለዳ ያየው ይህንን ነበር። አይቶ ለሰው አልተናገረም፣ ለእሷም ለራሷ አልነገራትም። አንድ የተከበሩ ሊቅ በአንድ ቡችላ ምክንያት በልጃቸው ፊት አንገታቸውን ከሚደፉ፣ እሱ ሽማግሌው ቢመለስበት መረጠ። እሷ ደግሞ ለዚህ ሰው መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ብላ ጻፈች።

ወደ ኋላ አፈግፍጋ በቀስታ ከግቢው ወጣች። ለአባቷ ምን ትላቸዋለች? ‹አባባ፣ አየሁዎት› ትበል? እሷም ልክ እንደ ክንዱ ዝም ማለት ነበረባት፤ የዝምታው ክብደት የገባት ያኔ ነው። ደብተሮቹን እንደገና ረስታ በመጣችበት ተመለሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ሄዳ፣ እሱ ይቆምባት ከነበረችው ሾላ ሥር ቆመች። የደንገል ታንኳዎቹ እንጨት ጭነው አንድ በአንድ ገቡ፤ ባለታንኳዎቹ ታንኳቸውን ዳር አውጥተው፣ እንዲደርቅ አቁመው ሄዱ። ክንዱ አልመጣም። ለካ መጠበቅ እንዲህ ነው አለች። እሱ ይህን ሁሉ ቀን እንዴት ቻለው?

*

እሑድ ሽማግሌዎቹ ይመጡ አይመጡ እሌኒ አታውቅም። ጓዳ ተቀምጣ ጆሮዋን በሩ ላይ ጣለች። መሪጌታ እሑድ ብርዕ አይነኩም፤ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሳምንቱ የጻፉትን አንድ ቅጠል ብራና ስሕተት እንዳይኖርበት ያነብባሉ።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እሌኒ ብድግ አለች። መጡ! ያን ደብዳቤ አንብቦም ላካቸው!

መሪጌታ ብድግ ብለው ብራናውን በርጩማው ላይ ትተው እንግዶቹን ተቀብለው ወደ ቤት አስገቡ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት የክንዱ የሥራ አለቃ አቶ አምባቸው፣ ቀጥለው ጎረቤታቸው አቶ አዘዘ፣ ሦስተኛው የዕድሩ ሰው።

«ተቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን፣ እንደ ደንቡ።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ አቶ አምባቸው፣ እሳቸውም እንደ ደንቡ። «በቀጠሯችን መጥተናል። ልጃችን ልጅዎን በጋብቻ ይፈልጋል። እሺ ይበሉንና እንቀመጥ።»

መሪጌታ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ማናለብኝ በበሩ ገባ። ጅራቱን እየቆላ፣ አንዱ ጆሮው ቆሞ፣ በአፉ ያን ቅጠል ብራና ይዞ።

ሰፈሩ ሁሉ የመሪጌታን ቃል ያውቃል፤ አንዲት ነገር በጥርሱ ከያዘ፣ ውሻውም ሽማግሌዎቹም በአንድ በር። አቶ አዘዘ በዱላቸው ሊያስጥሉት ቃጡ። ማናለብኝ ጨዋታ መስሎት ወደ ኋላ ዘለለ፤ ብራናው ተወጠረ።

«አይምቱት!»

እሌኒ ነበረች። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ሙሽራ ከጓዳ አትወጣም፤ እሷ ወጣች። እመሬቱ ላይ ተንበረከከች። ገመዱ የለም፤ ራሷ ናት የመለሰችው። የምትሰጠው ነገር የላትም። ባዶ እጇን ዘረጋች።

«ማናለብኝ፣ ስጠኝ።»

ውሻው አያት። እጇን አየ፤ ባዶ ነው። ሽማግሌዎቹን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣና ብራናውን መዳፏ ላይ አኖረው። ዳሩ ላይ የጥርስ ምልክት ይታያል፣ ምራቅ ነክቶታል፤ ከጽሑፉ ግን አንድ ፊደል አልጠፋም።

እሌኒ ብራናውን በሁለት እጇ ይዛ ለአባቷ አቀረበች። ፊታቸውን ማየት አልቻለችም። አልቋል፤ ቃል ቃል ነው፣ አባቷም ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። እንባዋ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጠበ። እውነቱን ትናገር፣ አትናገር? አንድ ቃል ብትናገር ክንዱን ታድነዋለች፣ አባቷንም በሦስት ሰው ፊት ታዋርዳለች። ክንዱ ሲሸፍን እሷ ትግለጥ? ዋጠችው።

መሪጌታ የጥርሱን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«እኔ ቃሌን አላጥፍም» አሉ። «ውሻውን ያስለመደ ሰው ውሻውን ያርም ብያለሁ። ያስለመደው እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ መሪጌታ?» አሉ አቶ አዘዘ።

«እኔ ነኝ አልሁ። ጠዋት ጠዋት ቆዳ ስፍቅ ከሥሬ ይቀመጣል። ዐይኑን ሲያንከራትትብኝ ሆዴ አይችልም፤ ቁራጩን እወረውርለታለሁ። የሠራሁት በደንብ የገባኝ ሰኞ ነው። ቀና ስል ያ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየኛል፤ እጄ ቁራጩን እንደያዘ ቀረ። በሃይማኖት በዕውቀት ስመካ የኖርሁ ሰውዬ፣ አፈርሁ። ረቡዕ ደብዳቤ ሲመጣ ሊከሰኝ ነው ብዬ እየፈራሁ ከፈትሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። እንደሚያጣት እያወቀ ነው የጻፈው። እኔም አራት ቀን ሙሉ ሸሽጌ ቆየሁ፤ ቁራጩንም መወርወር አልተውሁም። ውሻው ራሱ ይዞብኝ ባይመጣ፣ ዛሬም የምናገር አይመስለኝም ነበር።»

ወደ እሌኒ ዘወር አሉ። «አንቺስ ታውቂ ኖሯል?»

«ዓርብ አየሁዎት፣ አባባ።»

«ዝም አልሽ።»

«እሱ ዝም ካለ እኔ እንዴት እናገራለሁ?»

መሪጌታ ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ክበብ ውስጥ ምን እንደሚማር አላውቅም» አሉ። «ይህን ግን ከዚያ አልተማረውም። የእኔን የሰውዬውን ገመና የሸፈነ ልጅ የእኔን ልጅ ያዋርዳታል ብዬ እፈራለሁ? አልፈራም። እንግዲህ ምን ትቆማላችሁ? ተቀመጡ እንጂ!»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን እልልታቸውን አቀለጡት፤ አጥር የምትገፋው ጎረቤት ሳትቀር ሰማች። መሪጌታ ብራናውን ለእሌኒ መለሱላት።

«የውሻ አፍ የነካው ለቤተ ክርስቲያን አይገባም። ለእሷ ሌላ እጽፋለሁ፤ ይህቺ ለእናንተ ቤት ትሁን። ለመሆኑ ያ ልጅ የት ነው ያለው?»

«መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል» አሉ አቶ አምባቸው። «እምቢ ቢሉንም ገመዱን ለውሻው ሰጥቼ ነው የምሄደው ብሎን።»

«በሉ ጥሩት። በጓሮ አይደለም፤ በዋናው በር።»

ክንዱ ገባ። ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ የእሌኒ ደብዳቤ ከኪሱ ጫፉ ይታያል። የመሪጌታን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አቀኑት። ቀና አለ፣ እሌኒን አየ። እሷ ብራናዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፣ ጉንጯ እንደራሰ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ክንዱ ልማድ ሆኖበት ወደ ውሻው ጎንበስ አለ።

«ማናለብኝ» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ያለችኝ ልጅ አሁንም እንደተቆጣች ናት ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።»

«ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ «ውሻውን ተወውና እሷኑ ጠይቃት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጎጆዬ ቀዳዳ ስሰማችሁ ከርሜአለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በውሻ በኩል ያን ሁሉ ያወሩ ሰዎች፣ ፊት ለፊት ሲቆሙ አንድ ቃል አጡ። እሌኒ ስቃ አለቀሰች፣ አልቅሳ ሳቀች። ከዚያ ቅድም ለውሻው እንደዘረጋችው ባዶ እጇን ዘረጋች።

«ስጠኝ» አለችው።

ክንዱ የገመዱን አንድ ጫፍ ሰጣት፤ ሌላውን ጫፍ ራሱ እንደያዘ ቀረ።